ይድረስ ለክቡር ጓጉንቸር

ባሉበት፣ የሰፈራችን አሮጌ የቀበሌ አዳራሽ በር ላይ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎን ደጅ ከመጥናት በስተቀር ደህና ነኝ። ዝገትዎ እንዴት አደረገዎት? ዘንድሮ ክረምቱ በርትቶ ነበርና አሳስቦኛል።

አያቴን አይረሷቸውም። በየማክሰኞው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ፊትዎ የሚቆሙት ሽማግሌ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ከቃኘው አንድም ወታደር አልተማረከም። እርስዎ ግን የዘማቾቹን ማኅበርተኛ በሙሉ ደጃፍ ላይ ማረኩት። እግዜር ያሳይዎ፣ ጥይት እንኳ አልተኮሱም!

አዳራሹን የጠየቁት በስጦታ አይደለም፤ በኪራይ ነው። በወር አንዴ ቁጭ ብለው ቡና ሊጠጡ፣ የቀረ ካለ ለምን እንደቀረ ሊጠያየቁ። ማመልከቻው ሲገባ አሥራ አንድ ነበሩ። አሁን አራት ናቸው። ፋይሉ ግን ወፍሯል። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር «እንደገና ጻፉ» ይባላሉ። ከቦታው ንቅንቅ ያላለው እርስዎ ብቻ ነዎት። ቁልፍዎን ስንጠይቅ ዘበኛው «ቢሮ ነው» ይላል፤ ቢሮው «ዘበኛው ጋ ነው» ይላል።

ባለፈው በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ የተጠቀለለ የስብሰባ ባነር፣ አንዲት ድመት ከነልጆቿ። ለመሆኑ ድመቷ ውል የተዋዋለችው በስንት ነው?

ኒውዮርክ ያለው የአጎቴ ልጅ ሲያጫውተኝ፣ እዚያ ሕጉ ለከተማና ለመንደር አስተዳደሮች ፈቅዷል፤ የሕዝብ ሕንፃን ለዘማቾች ማኅበር በነፃ ወይም ለስም ያህል ኪራይ፣ እስከ 5 ዓመት መስጠት ይችላሉ። ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት ብቻ አይነካም። ለአያቴ ነገርኳቸው።

«አምስት ዓመት!» ብለው ሳቁ። «ለእኛ እንኳ ሁለቱ ይበቃናል።»

የፊታችን ማክሰኞ እንመጣለን። አያቴ የመኪና ዘይት በጠርሙስ እንድይዝ አዘውኛል። ዝገትዎ አሳዝኗቸዋል፤ ወታደር መሣሪያውን እንዲህ አይጥልም ይላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማክሰኞው ልጅ

ግልባጭ፦
ለድመቷ፣ ለክትትል