«እና ቤተሰባቸው» የምትባል ሴት የለችም

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ለዓመታት የደገፉትን ባልና ሚስት አመስግኗል። መመስገናቸው ደግ ነው። ነገር ግን የተዘጋጀው ካባ አንድ፣ የምስክር ወረቀቱም አንድ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው እብነ በረድ ደግሞ «አቶ እገሌ እና ቤተሰባቸው» ይላል። (እገሌ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የባልየው ስም እስከ አያታቸው ተጽፏል።) የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት፣ የቤተ ሙከራውን ማይክሮስኮፖች፣ የሰፈሩን የውኃ ቦኖ አብረው የሰጡት ወይዘሮ «እና ቤተሰባቸው» ተብለው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አጨበጨቡ።

ለምን ተብለው ሲጠየቁ አዘጋጆቹ የሰጡት መልስ ከጥፋቱ ይብሳል፦ «ሰሌዳው ለሁለት ስም አይበቃም።»

እንቁጠራ። ሰሌዳው ወርዱ 40፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ፊደሉ 3፣ ክፍተቱ 2 ቢሆን አንዱ መስመር 5 ሳንቲ ሜትር ይፈጃል። ከላይና ከታች አምስት አምስት ተትቶ እንኳ 10 መስመር ይወጣዋል። ታዲያ ቦታው የት ገባ? ሰሌዳውን ያየ ያውቀዋል። «ክቡር እገሌ በተገኙበት» እየተባለ ሦስት ኃላፊዎች ከነማዕረጋቸው ስድስት መስመር ይዘዋል። መቀስ የያዘ ሁሉ ተጽፏል፤ ከቤቷ ቆርሳ የሰጠችው ቦታ አጣች።

ሌላው መከላከያ «ባህላችን ነው» የሚለው ነው። የትኛው ባህል? የኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ጥላ የባሏን አትይዝም። ቋንቋችንም ባልንም ሚስትንም «ባለቤት» ይላል። ከዚህ ጀልባ ተሳፍሮ ጣና ላይ ደቅ ደሴት የወረደ ሰው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ማን አሠራት ብሎ ቢጠይቅ «እቴጌ ምንትዋብ» ይሉታል እንጂ «አፄ በካፋ እና ቤተሰባቸው» የሚለው የለም። ይህ እንግዲህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ሥዕሏ እንኳ እዚያው ከእመቤታችን እግር ሥር አለ።

ስሙ እንዴት እንደሚጠፋ ግን የቢሮ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃ ሲገባ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ይቆርጣል። የአስረካቢ ስም የሚጻፍበት መስመር ላይ የሚሰፍረው በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው፤ መኪናውን ያመጣው፣ ወረቀቱን የፈረመው። ገንዘብ ሲሆንም ያው ነው፤ ደረሰኙ የባንኩን ወረቀት ይከተላል፣ የባንኩ ወረቀት የሒሳቡን ባለቤት። ከዚያ የምስጋናው ደብዳቤ ከሞዴል 19 ይገለበጣል፣ የምስክር ወረቀቱ ከደብዳቤው፣ ድንጋዩ ከምስክር ወረቀቱ። አራት እጅ ሲያልፍ ወደ ሰጪዎቹ ደውሎ «ማን ብለን እንጻፍ?» ያለ የለም። መሐል ላይ ግን አንድ ሰው «እና ቤተሰባቸው» የምትለዋን ጨምሯል። ሞዴል 19 ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። የጨመረው ሰው ሚስት መኖሯን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ተሳስተን ነው» አይባል፤ አውቀው ነው።

ደግሞ ስጦታው ያለ ወይዘሮዋ ስጦታ አይሆንም ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 ከ100 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት በስጦታ ሲተላለፍ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት ቢሆን እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ እሱም ቢሆን የጋራውን የጋራ ነው የሚለው። 100 ብር! ዛሬ ከባጃጅና ከማኪያቶ አያልፍም። ኮሌጁ ማይክሮስኮፕ ሲቀበል የወይዘሮዋን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ድንጋይ ሲያስቀርጽ ስማቸውን አይፈልግም።

ባልየው ክብሩ ይገባቸዋል፤ በዚያ አልከራከርም። የሩቅ ለጋሽ ሲሆን እኮ አንረሳም። ፖሊ፣ ማለት የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር መቋቋሙን ስድሳ ዓመት ሙሉ ስናወራ ኖረናል። ያቃተን የጎረቤታችንን ስም መጻፍ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የስጦታ ውሉን ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሞዴል 19 ላይም የሁለቱ ስም ይግባ። ረቂቁ ወደ ቀራጭ ከመሄዱ በፊት ሁለቱም አንብበው ይፈርሙበት። ስም ከመታወቂያ ይገልበጥ እንጂ በቃል አይነገር፤ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ድንጋይ ላይ የሚጣሉት በቃል ሲነገር ነው። በቀለም የተጻፈ ይታረማል። የተቀረጸ ግን ወይ ይፈጫል ወይ ይቀየራል፤ የተፈጨ ድንጋይ ደግሞ ጠባሳው አይጠፋም። ስለዚህ ይቀየር። ለዕለቱ ምሳ የወጣው ገንዘብ ሌላ ድንጋይ እንደሚገዛ አልጠራጠርም።

ሰሌዳው የተያዘው በአራት ቪቴ ነው። ካቻቢቴ ላለው ሰው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።