በሥዕሉ ላይ ባጃጅ የለም

የሚነቅፍ ሞልቷል፤ የሚያመሰግን ነው የጠፋው። መናኸሪያ በመሥራት ረገድ የደረስንበትን ጥበብ አንድም ሰው ወግ ባለው መንገድ ሳያወድሰው መቆየቱ ያሳፍራል። ስለዚህ የዛሬው ውዳሴ ለሥዕሉ ይሁን።

ሥዕሉን ታውቁታላችሁ። በቆርቆሮ አጥር ላይ የሚወጠረው፣ ኮምፒውተር የወለደው ባነር ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ለምለም፣ ጣሪያው ክንፉን እንደዘረጋ ንስር። ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀጭን ሴት ውሻዋን በገመድ ይዛ ትንሸራሸራለች። አንዱ ላፕቶፕ ከፍቷል። ማዳበሪያ የተሸከመ የለም፣ ያላበው የለም፣ ልጅ ያዘለች የለችም። አውቶቡሶቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ታጥበዋል። ባለሙያዎቹ «ፐርስፔክቲቭ» ይሉታል። መሬቱ ሳይቆፈር፣ መንገደኛው ሳይቆጠር እሱ ይቀድማል፤ የቀረው ሁሉ እሱን ለመምሰል ሲታገል ዕድሜውን ይጨርሳል።

ድሬዳዋ ደግሞ ይህ ጥበብ የሚያምርባት ከተማ ናት፤ ራሷ ከጣቢያ ነው የተወለደችው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ሽቅብ መውጣቱ ከበደውና እዚሁ ቀረ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ከዚራ የሚባለው ሰፈር በቀጥታ ጎዳና ተቀየሰ፤ ዛፍ ተተከለለት። ከባቡር የወረደ ሰው በእግሩ፣ በጥላ ሥር ቤቱ ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ባነር ስላልነበረ ይሆናል። ዛሬ ሠልጥነናል፤ የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነውና ባቡር ለመያዝ መጀመሪያ ባጃጅ መያዝ ግድ ሆኗል።

ለመናኸሪያ ቦታ ሲፈለግ፣ ሥራውን ያቆመ የፋብሪካ ግቢ ለሥዕሉ ከምንም በላይ ይመቸዋል። ሰፊ ነው፣ መሀል ከተማ ነው፣ ካሳ የሚጠይቅ ነዋሪ የለበትም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ችግሩ ሁሉ ከመሬት በታች መሆኑ ነው። የማይታይ ነገር ሥዕል ላይ አይወጣም፤ ሥዕል ላይ ያልወጣ ነገር በጀት አይያዝለትም።

ነገር ማካበድ የሚወዱ ሰዎች ግን እንዲህ ይላሉ፦ በመጀመሪያ የፋብሪካውን ጡረተኛ ፈልጉ፤ ከካርታ ይበልጣል። «ጋሼ፣ ማቅለሚያው የት ነበር? የናፍጣው ጋንስ?» ብትሉት በከዘራው እየጠቆመ «አቦ፣ ቦይለሩ እዚህ፣ ጋራዡ እዚያ፤ የተቃጠለውን ዘይት ከግንቡ ኋላ ነበር የምንደፋው» ይላችኋል። የመጀመሪያው ጉድጓድ የሚቆፈረው እዚያው ከግንቡ ኋላ ነው። የቀረው ግቢ በ25 በ25 ሜትር ይከፋፈልና በየክፋዩ አንድ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ለ4 ሄክታር ግቢ 64 መሆኑ ነው። ከግማሽ ሜትር፣ ከ1 ሜትር ተኩልና ከ3 ሜትር ጥልቀት አፈር ይወሰዳል፤ የናፍጣው፣ የእርሳሱ፣ የክሮሙ መጠን ይለካል። ይህ ሁሉ ለምን? ድሬ የምትጠጣው ከእግሯ ሥር የሚወጣውን የጉድጓድ ውኃ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ሥዕሉ ላይ አንድም ጉድጓድ የለም፤ 64 ከየት መጣ? የሠለጠነው ዘዴ አጭር ነው። ጥቁሩን አፈር በሌሊት በሲኖትራክ ጭኖ ከተማዋን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ አሸዋ ዳር መድፋት፣ የተረፈውን ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ አልብሶ በሮለር መዳመጥ። የጥንቶቹ «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም» ይሉ ነበር፤ ገረጋንቲ ስለማያውቁ ነው። ደቻቱ ደረቅ ነው፣ ምን ይጎዳል የሚልም አይጠፋም። በ1998 ዓ.ም. ክረምትም ሰው ደረቅ ነው ብሎ ነው የተኛው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ያ አሸዋ የተደፋበትን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው።

የድሮው የፋብሪካ ጣሪያ ኢተርኒት፣ ማለትም የሲሚንቶ ክዳን ከሆነ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ አለበት ብሎ መነሣት ነው። በውኃ እየረጠበ፣ ብሎኑ እየተፈታ፣ ሳይሰበር ይወርድና በድርብ ፕላስቲክ ይጠቀለላል። በኛ ዘዴ ግን የኤክስካቫተሩ ክንድ ከላይ ይወርድበታል፤ አቧራው ሲበን የቀን ሠራተኛው ነጠላውን አፉ ላይ ጣል ያደርጋል። ከወለሉ ሥር ደግሞ የማሽኑ መሠረት አለ። 2 ሜትር የሚወርድ አርማታ ነው፤ ክንድ የሚያህል ብሎን ቆሞበታል። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ግን «ተራ አፈር ቁፋሮ» ተብሎ ዋጋ ተሰጥቶታል። ኤክስካቫተሩ ጥርሱን ሲሰብር ቫሪዬሽን የሚባለው የሥራ ለውጥ ይጻፋል፤ ከቫሪዬሽኑ በኋላ ክሌም፣ ማለትም የተቋራጩ የካሳ ጥያቄ፤ ከክሌሙ በኋላ ጸጥታ። ይህን ጊዜ ሁሉ ከተማዋን የሚያጽናናት አጥሩ ላይ ያለው ባነር ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ ዋና ውበት እንምጣ። ባጃጅ የለበትም። ድሬን ያለ ባጃጅ መሣል ሐረርን ያለ ጀጎል መሣል ነው፤ ወኔ ይጠይቃል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ ሲገባ፣ በሦስት ሦስት ሰው 20 ባጃጅ ይፈልጋል። የአንዱ ርዝመት 2 ሜትር ከ60 ነው፤ በየመሀሉ ግማሽ ሜትር ቢተው ሃያዎቹ 62 ሜትር ይሰለፋሉ። ሦስት አውቶቡስ ተከታትሎ ከገባ 186 ሜትር። ሁለት ሻንጣና አንድ ማዳበሪያ የያዘ ሰው ደግሞ ባጃጁን ብቻውን ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ይህ ሰልፍ ቦታ ካልተሰጠው ራሱ ፈልጎ ያገኛል። የሚያገኘውም የአውቶቡሱ መውጫ ላይ ነው፤ መንገደኛ ካለበት ባጃጅ አይርቅም። መውጫው 7 ሜትር ነበር። ባጃጅ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ነውና በሁለት ረድፍ ሲቆም 4 ሜትር ከ40 ይቀራል። ይህ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ይበቃል። ባለ 12 ሜትሩ አውቶቡስ ግን ሲታጠፍ የውጭ ጥጉ 12 ሜትር ተኩል ያህል ራዲየስ ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጎኑን በመዳፉ እየደበደበ «ና! ና! ና! ስበረው! ቁም!» ይላል። «ቀፊራ! ሳቢያን! ገንደ ቆሬ!» የሚለው የባጃጁ ጥሪ በላዩ ላይ ይደረባል። በመሀል አንዲት እናት ፌስታላቸውን ከጎማ ሥር ያተርፋሉ።

መድኃኒቱ ውድ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ከመውረጃው መድረክ በስተኋላ 100 ሜትር የሚሆን ባለ ሁለት መስመር መንገድ፣ የእያንዳንዱ ወርድ 2 ሜትር ተኩል፤ በአንዱ ይጫናል፣ በሌላው ይታለፋል። መግቢያው ከአውቶቡሱ የተለየ፣ መንገደኛውም የአውቶቡስ መንገድ ሳያቋርጥ የሚደርስበት ይሁን። የጠርዝ ድንጋይና ቀለም ነው የሚፈልገው። ግን ሥዕሉን ያቆሽሽበታል፤ ለማን ሲባል?

የጥላው አሠራር ደግሞ ረቂቅ ነው። ጣሪያው ከመሬት 8 ሜትር ከፍ ብሏል፤ ለዓይን ግርማ አለው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወደ 45 ዲግሪ ግድም ስትዘቀዝቅ ግን የ8 ሜትር ጣሪያ ጥላ 8 ሜትር ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ወንበሩ በብሎን ታስሯል፣ ጥላው አልታሰረም። መንገደኛው ትኩስ ብረት ላይ ከመቀመጥ ጥላውን ይከተላል፤ 10 ሰዓት ሲሆን አውቶቡስ ኋላ ማርሽ የሚገባበት ቦታ ላይ ቆሞ ይገኛል። ቀሪዎቹ በመብራት ምሰሶው ጥላ ውስጥ አንድ ባንድ ተደርድረዋል። ሥርዓት ያለው ወረፋ የሚታየውም እዚያ ብቻ ነው። ከመድረኩ በላይ ያለው ጣሪያ 3 ሜትር ቢሆን፣ በምዕራብ በኩል ሁለት ረድፍ ኒም ቢተከል ነገሩ ያልቅ ነበር። ኒሙ ግንባታው በተጀመረ ቀን ቢተከል እስኪመረቅ ጥላ ይሆናል፤ በኛ አዘጋገይማ ዋርካም ይደርሳል። በሥዕሉ ላይ የተተከለው ግን መጸው ሲገባ ቅጠሉ የሚቀላ የባዕድ ዛፍ ነው።

ሌላም አለ። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትሯ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትውለው። ሥዕሉ ከሌላ አገር የተቀዳ ነውና ደቡቡን ጋርዶ ሰሜኑን ከላይ እስከ ታች መስታወት አልብሶታል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የትኬት አዳራሹ ውስጥ ቲማቲም ቢዘራ በጊዜው ይደርሳል። አየር ማቀዝቀዣ ይገጠምለታል ይባላል። ይገጠማል፤ መብራቱ ሲኖር ይሠራል።

የምረቃው ቀን የጥበቡ ቁንጮ ነው። አውቶቡስ ቆሞ የሚያንጠባጥበው ናፍጣ ሬንጅ ያሟሟል፤ የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት አስፋልቱ ጎማ በቆመበት ይሰረጉዳል። ስለዚህ መቆሚያው 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ መሆን ነበረበት። የሚሞላው ከንጋት በፊት ወይም ማታ ነው፤ በተሞላ በሰዓታት ውስጥ በየ4 ሜትር ተኩሉ በመጋዝ መገጣጠሚያ ይከፈትለታል፤ ካልተከፈተለት ደስ ባለው ቦታ ራሱ ይከፍታል። ከዚያ 7 ቀን ሙሉ እርጥብ ጆንያ አይነሣለትም፤ ለአውቶቡስ የሚሰጠው በ28 ቀኑ ነው። የእንግዳው ቀን ግን አይገፋም። በቀትር ይሞላል፣ ጆንያው ለምንጣፍ ቦታ ለመልቀቅ በሦስተኛው ቀን ይነሣል፣ በአሥረኛው ቀን ሪባን ይቆረጣል። አርማታውም ፊቱን እንደ ሸረሪት ድር ሰነጣጥቆ ይቀበላቸዋል። የግቢው ጎርፍ የሚሄድበት ቦይ ክዳኑ ብረት ስለነበረ በሳምንቱ ቁራሌው ጋ ደርሷል፤ ዘይትና ናፍጣውን ለይቶ የሚያስቀር ጉድጓድ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

መጸዳጃ ቤቱ በሥዕሉ ላይ ከዛፍ ኋላ ነው። ዛፉ ሥዕል ነውና መጸዳጃ ቤቱም ያው ነው። 12 መቀመጫ በቀን ሰማኒያ ሰማኒያ ጊዜ፣ በ6 ሊትር ሲባዛ 5,760 ሊትር ውኃ ይጠጣል። ጣሪያው ላይ የተቀመጠው አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ነው። የአዲስ አበባው መንገደኛ ሌሊት 10 ሰዓት መጥቶ ይጀምረዋል፤ የሐረሩ ረፋድ ላይ ይጨርሰዋል። የድሬ ውኃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኖራ የሚተው ውኃ ነው፤ የሲፎኑን ተንሳፋፊ አንቆ ይይዘውና ወይ አይሞላ ወይ አይቆም። በሩ ላይ የተቀመጠው ሒሳብ ተቀባይ ብቻ ነው የማይደርቀው።

ያም ሆኖ ሥዕሉ ለከተማዋ የሠራው ነገር የለም ማለት ግፍ ነው። የድሬን ፀሐይ ሁለት ዓመት ቆሞ ተቀብሏል። የባነር ቀለም ሲለቅ ቀዩና ቢጫው ይቀድማል፤ አሁን ሣሩ ሰማያዊ ነው፣ ሴትየዋ ሰማያዊ ናት፣ ውሻውም ሰማያዊ ሆኗል። ነገር ግን በብረት ቱቦ ከአጥሩ በላይ ከፍ ብሎ ስለተወጠረ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ላይ 4 ሜትር የምትሆን ጥላ ይጥላል፤ ፕሮጀክቱ እስከዛሬ ያስረከበው ሰው የሚያርፍበት ጥላ እሱ ብቻ ነው። ከሥሩ ሰባት ባጃጆች ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ የኋላ መቀመጫውን ነቅለው መሬት ላይ አንጥፈዋል፤ በርጫው ተይዟል፣ ፔርሙዙ ተከፍቷል። ስምንተኛው አፍንጫውን አስገብቶ ጥሩምባውን ይነካካል።

«አቦ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ!»