«ሁለት መስመር ትዕዛዝ ነው»

ለቀረጻ ቤት ኮምፒውተር የትኛው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ይሻላል? ለፈጠራ ሥራ ተብሎ የተሰናዳው ኡቡንቱ ስቱዲዮ ወይስ ለሁሉም የሚያገለግለው ዴቢያን? አንዲት የድምፅ ባለሙያና የቀድሞ የኮምፒውተር መምህሯ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

ባለሙያዋ፦ እኔ ለተሰናዳው ነኝ። ኡቡንቱ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ። አንዴ ሲጫን አርዶር ለቀረጻ፣ ክሪታ ለሥዕል፣ ብሌንደር ለአኒሜሽን አብረው ይመጣሉ። ዋናው ጥቅም ግን ዓይን የማያየው ነው፤ ኮምፒውተሩ ከሌላው ሥራ ሁሉ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ አስቀድሞ ተስተካክሎ ይመጣል። ዘፋኝ ማይክሮፎን ፊት አቁሜ የምጠግነው ነገር እንዲኖር አልፈልግም። በሰዓት የሚከፈለኝ ለቀረጻ ነው።

መምህሩ፦ ጫማ የሚገዛ ሰው ሱቁን ተሸክሞ አይወጣም። አኒሜሽን የማይሠሩ ከሆነ ብሌንደር ዲስክዎ ላይ ምን ይሠራል? ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አለ፤ በእሱ ላይ ተሠርቶ ለሙዚቀኞች የቀረበው 64 ስቱዲዮ ግን ዛሬ የለም። ተራው ኡቡንቱ በ24.04 ዕትሙ የ5 ዓመት ድጋፍ ሲኖረው የስቱዲዮው 3 ዓመት ብቻ ነው። ያ ያወደሱት ቅድሚያ ደግሞ በዴቢያን ሁለት መስመር ትዕዛዝ ነው፤ ድምፅን በፕሮግራሞች መካከል የሚያመላልሰውን ጃክ የተባለ ሶፍትዌር መጫን፣ ከዚያ ተጠቃሚውን ቅድሚያው ከሚፈቀድለት የድምፅ ቡድን መጨመር። ለሁለት መስመር ብሎ ስርዓተ ክወና የሚቀይር ሰው አላየሁም።

ባለሙያዋ፦ ሁለት መስመር! አውቃቸዋለሁ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ቅዳሜ አንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪ ሊቀረጹ መጡ። እኔም እንደ ምክርዎ ዴቢያን ጭኜ ጠብቄያቸዋለሁ። ጃክ ሲጫን መሐል ላይ አንድ ሳጥን ብቅ ብሎ «ለድምፅ ቅድሚያ ይሰጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ቁልፉን ዝም ብሎ ለሚጫን ሰው መልሱ «አይ» ነው። ተጫንኩ። ራሴን ከቡድኑ ጨመርኩ፤ ነገር ግን ወጥቼ እንደገና ካልገባሁ እንደማይሠራ ረሳሁ። የድምፁን ቋት፣ ድምፁ ከማለፉ በፊት የሚጠራቀምበትን ማቆያ፣ 128 ናሙና ላይ አደረግሁት፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲቀረጽ ይህ 3 ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም።

ደርደር ሲያደርጉ በቆርቆሮ ላይ የተበተነ ጠጠር ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። በገና እንደሚያውቁት ተፈጥሮው መንዘር ነው፤ ከክሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ሥራው ይኸው ነው። ጠጠሩም የቆዳው መሰለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዳውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እንዲያደርጉልኝ ሽማግሌውን አደከምኳቸው። ለካ ቅድሚያ ያላገኘው ኮምፒውተር በጠባቡ ቋት አልደረሰም ኖሯል፤ በመጨረሻ ቋቱን ወደ 1,024 ሳሰፋው ጠጠሩ ቀረ፤ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰሙት የራሳቸው በገና ግን ዘግይቶ ይደርሳቸው ጀመር። «ልጄ፣ ከኋላዬ ሌላ የሚደረድር ሰው አለ እንዴ?» ብለው በገናቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

ሁለቱ መስመር፣ ሳጥኑ ሦስት፣ ወጥቶ መግባቱ አራት። መምህር፣ ቁጥር ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንጂ ቢሆን ኖሮ እፈራ ነበር።

መምህሩ፦ ሽማግሌው ያሳዝናሉ። ጥፋቱ ግን የማን ነው? ሳጥኑ ጠየቀ፣ አንቺ ሳታነቢ ተጫንሽ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበርሽ። ኡቡንቱ ስቱዲዮ ራሱ ከ24.10 ዕትሙ ጀምሮ የተለየውን ከርነል (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ትቶ ሁሉም የሚጠቀምበትን ከርነል ነው የሚያስነሣው፤ ልዩነቱ ሲነሣ በሚሰጠው ማስተካከያ ላይ ነው። ማስተካከያ ደግሞ መስመር ነው! ስለ 64 ስቱዲዮም ትንፍሽ አላልሽም።

ባለሙያዋ፦ እስካሁን «እርስዎ» ነበርኩ፤ ስሕተቴን በገዛ አፌ ስናገር «አንቺ» ሆንኩ። ይሁን፣ ተማሪዎ ነበርኩ። ሳላነብ መጫኔን አልካድኩም፤ የተናገርኩት እኔው ነኝ። ማስተካከያውም መስመር ነው ካሉ መስመሩን የጻፈልኝ ማነው? ቅዳሜ ጠዋት፣ እንግዳ አስቀምጬ፣ እኔ አልጻፍኩትም። የምለው ይህንኑ ነው። የተነሣነው ስለ ስርዓተ ክወና ነበር፤ አሁን ስለ ጠባዬ ሆኗል። ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ጠጋኝም ይሁን ማለትዎ ከሆነ በግልጽ ይጻፉት።

መምህሩ፦ እጽፈዋለሁ። የራሱን ዕቃ የማያውቅ ባለሙያ የሰው እጅ ጠባቂ ነው። እኚያን ደርዳሪ በገናቸውን ማን ቃኝቶ ሰጣቸው?

ባለሙያዋ፦ ራሳቸው። እንጨቱን ግን አልፈለጡም፣ ቆዳውንም አልፋቁም። የተሠራ በገና ይዘው መጥተው ነው የቃኙት።

መምህሩ፦ በገናውን እንተወው። ተራው ኡቡንቱ ላይ የስቱዲዮውን ዕቃ የፈለጉትን ያህል ብቻ መርጦ የሚጨምር መጫኛ አለ። ብሌንደሩን ይተዉት፣ አርዶሩን ይውሰዱ። ይሞክሩት፤ አንድ መስመር ነው።

ባለሙያዋ፦ ሳጥን አለው?