«ጠፍ መሬት» የተባለው ረግረግ ባህርን ነው የሚመግበው

የጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የሚያሳድር ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፣ ማታ ኩልል ብሎ ጄሪካን ውስጥ የገባው ውሃ ጠዋት ስታየው ስሩ ላይ ቀይ ዝቃጭ ተኝቷል፣ በዛው ውሃ ሻይ ስታፈላ ደግሞ ይጠቁራል። ሁለቱም የብረት ስራ ናቸው። መሬት ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ ብረቱ ሟሙቶ ይቆያል፣ አየር ሲያገኘው ይዝግና ይዘቅጣል፣ ሻዩ የሚጠቁረው ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ነገር ብረቱን ስለሚይዘው ነው።

ረግረግ ውስጥም የሚሆነው ተመሳሳይ ነገር ነው። ውሃ የተኛበት አፈር ኦክስጅን ያጣል፣ ብረቱ ይሟሟል፣ ከበሰበሰ ሳርና ቅጠል የሚወጣው ቡናማ ነገር ደግሞ ያዝ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ወንዝ ገብቶ አየር ቢያገኘውም ሁሉም ወዲያው አይዘቅጥም፣ ሩቅ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ስለሚበዛ ብረቱ ይቀጥናል ብሎ ያስባል። ግማሽ እውነት አለው። ሰሜን ስዊድን ክሪክላን የሚባል ለአመታት ሲጠና የኖረ ተፋሰስ አለ፣ እዛ በሚያዝያና በግንቦት በረዶው ሲቀልጥ ከረግረግ በሚወጡ ጅረቶች ብረቱ በእርግጥ ይቀጥናል ምክንያቱም የቀለጠው ውሃ በረግረጉ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ነው የሚያልፈው፣ ጫካ ውስጥ ባሉት ጅረቶች ግን ተቃራኒው ነው፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ የጅረቱን ዳር ጥቁር አፈር ያጥበውና ብረቱ ይጨምራል። ደግሞ ቢቀጥንስ? የሚጓዘው መጠን እኮ በሊትር ያለው በውሃው ብዛት ተባዝቶ ነው። በወር አንዴ ወንዙ ጸጥ ሲል ናሙና ወስዶ የአመቱን አወቅኩ ማለት ለኔ ትልቅ ስህተት ነው።

አሙርን እንይ። ሩሲያና ቻይናን የሚያዋስነው ይሄ ትልቅ ወንዝ በጸደይ የበረዶ ውሃ በክረምት ደግሞ የሞንሱን ዝናብ ይቀበላል። እ.ኤ.አ በ2013 ኻባሮቭስክ ከተማ ላይ ውሃው 808 ሴንቲሜትር ደረሰ፣ የቀድሞው ሪከርድ የ1897ቱ 642 ነበር። እንዲህ ያለ ጎርፍ ሜዳው ላይ ለሳምንታት ሲተኛ አፈሩ ኦክስጅን ያጣል፣ ከዛ ውሃው ወደ ወንዙ ሲመለስ ብረቱን ይዞ ነው የሚመለሰው። (ጎርፉ የሰው ቤት ያጠፋ መከራ እንደነበር አልረሳሁም።)

ወንዙ ከጃፓን በስተሰሜን ያለው ኦኾትስክ ባህር ይደርሳል። አብዛኛው የሟሟ ብረት ጨው ሲያገኝ ተቋጥሮ ታች ይሰምጣል፣ ግን በዛ አያበቃም፣ በብርዱ ወራት ባህሩ በረዶ ሲሰራ ጨው የበዛበት ከባድ ውሃ ወደ ታች ይወርድና ብረት ያለበትን ደለል አንስቶ በመካከለኛው ጥልቀት በኩሪል ደሴቶች መሀል ወደ ፓስፊክ ይወስደዋል። የሰሜን ፓስፊክ ውሃ ለእጽዋት ምግብ የሚሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ሞልተውት ብረት የሚጎድለው ባህር ነው፣ ይሄን በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው የባህር ተመራማሪ ጆን ማርቲን አሳይቷል፣ በ2001 ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ሆን ተብሎ ብረት ሲጨመር በአይን የማይታዩት የባህር እጽዋት በጥቂት ቀን በዝተዋል። አሳው የሚቆመው በነሱ ላይ ነው። ጃፓኖች ድሮም የባህር ዳር ጫካን አሳ ያበዛል ብለው ይጠብቁ ነበር፣ የአሙርን ተፋሰስም ተመራማሪዎቻቸው ግዙፍ የአሳ ጫካ ነው ይሉታል።

አሁን የሚያንገበግበኝ ነገር፣ የዚህ ብረት አንዱ ዋና ምንጭ የነበረው የሳንጂያንግ ሜዳ ቻይና ውስጥ «ቤይዳኋንግ» ይባል ነበር፣ ታላቁ የሰሜን ጠፍ እንደማለት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከሰራዊት የተሰናበቱ ወታደሮች ሳይቀሩ ሄደው ቦይ ቆፍረው አደረቁት፣ አብዛኛው ረግረግ ዛሬ የሩዝና የአኩሪ አተር እርሻ ነው። የራበው ህዝብ መብላት ነበረበት፣ እሱን አልክድም። ግን ጠፍ ብሎ መጥራቱ ነው ሂሳቡን ያበላሸው፣ ጠፍ ከተባለ የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ነዋ፣ አሳ አጥማጁ ደግሞ ድንበር ማዶ ስለሆነ ማንም አልጠየቀውም።

እኛም ጋ ኢሉባቦር ውስጥ ረግረግ በቦይ ተንጠፍጥፎ በቆሎ ይዘራበታል፣ ጣራ የሚከደንበት ጨፌም የሚታጨደው ከዛው ነው። ቦይ ከመቆፈሩ በፊት ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጎርፉ ሳይጎድል፣ ከረግረጉ የሚወጣውን ውሃ ሄዶ መለካት የግብርና ባለሙያው ስራ መሆን አለበት። መስከረም ካለፈ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ያለፈውን አያሳይም።