ደባል ሲቀየር አከራይ የት ነው?

ባለፈው ሐምሌ የራሴን ሰርቪስ ቤት ሳንኳኳ አንድ የማላውቀው ልጅ ከፍቶ «ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። ኪራዬን ነዋ! ቤቱን ያከራየሁት ለሁለት መምህራን ነበር። አንደኛው ዝውውር ደርሶት ፍኖተ ሰላም ገብቷል። በምትኩ ይህን ልጅ አስገብቷል። ለእኔ የነገረኝ የለም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔም ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ብዙዎቻችን አከራዮች ደባል ሲቀየር «እነሱ ይወቁበት» ብለን እንተዋለን። ኪራዩ በወሩ ከገባ ማን ወጣ፣ ማን ገባ አንልም።

ጣጣው የሚመጣው ኋላ ነው። መምህራኑ ሲገቡ የሁለት ወር ቅድሚያ ከፍለውኛል፤ ሲለቁ የሚታሰብ። የሄደው መምህር ድርሻውን ከአዲሱ ልጅ እጅ በእጅ ተቀብሎ ነው የሄደው። ልጁ በጥቅምት ሲለቅ «ቅድሚያዬን ይመልሱልኝ» አለኝ። እኔ ከእሱ አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም። እሱም አልዋሸም፤ ከፍሏል፣ ለሌላ ሰው። ፍኖተ ሰላም ደውዬ መምህሩ «አዎ፣ ተቀብያለሁ» ባይለኝ ኖሮ ተጣልተን ነበር። የመብራቱ ደግሞ ባሰ። ቆጣሪው አንድ ነው፣ የክረምቱ ውዝፍ አለበት፣ የማርቆስ ብርድ ደግሞ ምድጃ ያስለኩሳል። ማን ለኮሰ? አንዱ በሌላው አሳበበ። የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ሕጉ እኮ ለዚህ መልስ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1896 አብረው ባለዕዳ የሆኑ ሰዎች፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለዕዳው በአንድነት ኃላፊ ናቸው ይላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ከፈረሙት ከሁለቱ መምህራን ሙሉውን ከአንዱ መጠየቅ እችል ነበር። ዝውውር የደረሰውም ቢሆን እኔ ከውሉ እስካላወጣሁት ድረስ ሄድኩ ብሎ ነጻ አይሆንም። ያልፈረመውን ልጅ ግን በምን ልያዘው?

በሌላ በኩል ደባል መቀየሩን እንደ ሎተሪ የሚያዩ አከራዮች አሉ። «አዲስ ሰው ከገባ አዲስ ዋጋ ነው» ይላሉ። የቀረው ተከራይ ምን አጠፋ? አልጋው እዚያው፣ ጣሪያው እዚያው። ይሄ ነውር ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው። ቢሆንም ለመልካም አከራይ ልክ ይሆናል።

አሁን ደባል ሲቀየር ሦስቱንም፣ የሚወጣውን፣ የሚገባውንና የሚቀረውን፣ በአንድ ቀን ግቢ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ቆጣሪው ይነበባል፣ ይጻፋል። የሚወጣው ቅድሚያውን ከእኔ ይወስዳል፤ የሚገባው ለእኔ ይከፍላል፣ መታወቂያውን ኮፒ ይሰጠኛል፣ ሁሉም ይፈርማል። አዲሱን ሰው ለመቀበል ግን ከእኔ ይልቅ የሚቀረው ተከራይ ቃል ይቀድማል። አብሮት የሚያድረው እሱ ነው፣ ማንኮራፋቱንም የሚሰማው እሱ።

ጎረቤቴ፣ እሳቸውም አከራይ ናቸው፣ ይስቁብኛል። «ለአንድ ክፍል ይሄ ሁሉ ወረቀት? ሰው አይተማመንም እንዴ?» ይሉኛል። ማርቆስን፣ እተማመናለሁ! ግን ከማውቀው ሰው ጋር ነው። በር የከፈተልኝን ያን ልጅ ሙሉ ስሙን ያወቅኩት ሊለቅ ሻንጣውን ሲያወጣ ነው።