መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የሚከብደው ዕረፍቱ ነው

ቢሾፍቱ፣ እኛ ሰፈር የሚሠራ አንድ ባለጋሪ አለ። ባለፈው ክረምት ዳማ ፈረሱ ማነከስ ጀመረ። መካሪው በዛ። አንዱ «ትከሻውን በጋለ ብረት ተኩሰው» አለው። ሌላው «አበቃለት፣ ልቀቀው» አለው። «መልቀቅ» ምን ማለት እንደሆነ ጋሪ ባለበት ከተማ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ፈረሱ አስፋልት ዳር ሲንገላታ ይውላል። ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ።

እሱ ሁለቱንም አልሰማም። የእንስሳት ሐኪም ጠራ። እኔም ቆሜ አየሁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ፈረሱን በእርጋታ አስኬደው። ዓይኑ እግሩ ላይ ሳይሆን ራሱ ላይ ነበር። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ይላል። ቀጥሎ ሰኮናውን ዳበሰ፤ ይሞቃል። በጉጠት ጫን ሲለው ፈረሱ እግሩን ነጠቀው። የሰኮናውን ሥር በቢላዋ ፋቅ ፋቅ ሲያደርግ ጥቁር መግል ፈሰሰ። ሚስማር ወግቶት ኖሯል!

ትከሻው ምንም አልሆነም ነበር። ቢተኮስ ኖሮ በሕመሙ ላይ ቃጠሎ ይጨመርበት ነበር። ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። የፊት እግር ማነከስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሰኮና ነው። ስለዚህ ብረት ከማጋል በፊት ሰኮናውን አንስቶ ማየት ይቀድማል።

ሕክምናው ቀላል ነበር። መግሉ ወጣ፣ እግሩ ለብ ባለ የጨው ውኃ ተዘፈዘፈ፣ በፋሻ ታሰረ። የቴታነስ መርፌም ተወጋ። ፈረስን ቴታነስ ቶሎ ስለሚይዘው ይህ መርፌ መታለፍ የለበትም።

ከዚያ ሐኪሙ ከባዱን ነገር ተናገረ። ለ3 ሳምንት ጋሪ የለም። ሥራ ስለሌለው ገብሱ ይቀነስ፣ ድርቆሽ ይብላ፤ ቆሞ የሚውል ፈረስ እህል ሲበዛበት የሰኮናው ውስጥ ተቆጥቶ ሊያመው ይችላል። ቁስሉ ሲደርቅ ድንጋይ በሌለበት ለስላሳ መሬት በገመድ ይዞ ማንሸራሸር፣ መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መጨመር። በመጨረሻ ባዶ ጋሪ። ጅማቱ ተጎድቶ ቢሆን ኖሮማ ነገሩ የወራት ነበር።

ባለጋሪ የሚበላው የዕለት ገቢውን ነው። ፈረሱ 3 ሳምንት ሲቆም ቤቱም ይቆማል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ፈረስ የሚጠፋው። ብዙዎቹ ያላቸው ምርጫ እያነከሰም ቢሆን ማሠራት ብቻ ነው፤ ጭካኔ አድርጌ አላየውም። ጎረቤቴን ያዳነው በዚያው ሳምንት እቁብ ስለደረሰው ነው። ባይደርሰው ኖሮስ?

ለዚህ ነው የባለጋሪዎች ማኅበራት የፈረስ እድር ያቋቁሙ የምለው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይዋጣል፤ ሐኪም «ይረፍ» ያለው ፈረስ ባለቤት ለእነዚያ ቀናት የአስቤዛ ይቆረጥለታል። ሕዝባችን እድር መምራት ያውቅበታል። ከተማ አስተዳደሮችም ከባለጋሪ ግብር ሲሰበስቡ ለፈረሶቹ ማረፊያ የሚሆን ጥላና ውኃ ቢያስቡ አይበዛም።

«ሰው መታከሚያ ባጣበት አገር ስለ ፈረስ ታወራለህ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። አዎ፣ አወራለሁ። የዚያ ፈረስ እግር የ4 ልጆች ደብተርና እንጀራ ነው። አገራችን ውስጥ ደግሞ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ።

ዳማው አሁን ሥራ ላይ ነው። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ጋሪው ላይ ሳያስረው በፊት አራቱንም ሰኮና አንስቶ ያያል።

እኛም ተሳፋሪዎች አለንበት። የተሳፈራችሁበት ፈረስ ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲሄድ ካያችሁ ባለጋሪውን አትስደቡት። «ወንድሜ፣ ፈረሱን እግሩን እያመመው ነው» በሉት። የሙሉ መንገዱን ሒሳብ ክፈሉትና ውረዱ።