ማስተካከያ፦ ደጋ ላይ የሚደክመው የትኛው ሞተር ነው?

ስለ ሱፐርካር ሞተሮች ባለፈው በወጣው ጽሑፍ ላይ «ባለ ቱርቦ ሞተር ደጋ ላይ አየር ስለሚያጥረው ይደክማል፤ ለደብረ ማርቆስ ቱርቦ የሌለው ይሻላል» ተብሏል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና ይታረም።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት እዚያ በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ነው። 570 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱርቦ የሌለው ፌራሪ 458 ኢታሊያ እዚያ ቢሄድ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ጉልበት ያጣል። ተተኪው 488 ግን በጭሱ ግፊት የሚሽከረከሩ ሁለት ቱርቦዎች አሉት። አየሩን ጨምቀው ስለሚያስገቡ የጎደለውን በአብዛኛው ያካክሳሉ። ገደብ ግን አላቸው፤ ቱርቦው የበለጠ ይለፋል፣ ይሞቃልም።

ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጡ ልብ በሉ። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሚኒባስ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ያቃስታል፤ ሹፌሩም ማርሽ ይቀንሳል። ባለ ቱርቦው ፒክአፕ ጭነቱን ይዞ ጥሎት ይሄዳል።

«ፌራሪ ቱርቦ የጀመረው በ488 ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤፍ 40 ባለ ሁለት ቱርቦ ነበር። በ2024 የቀረበው «12 ቺሊንድሪ» የተባለው ፌራሪ ደግሞ ባለ 6.5 ሊትር ሞተር ሆኖ ቱርቦ የለውም።

ቱርቦ ስለሌለው ሞተር ድምፅ ውበትና ነዳጅ ሲረገጥ ወዲያው ስለመታዘዙ የተጻፈው ግን ትክክል ነው፤ እንዳለ ይቆያል።